ካርታው ሲሸጥ መንገደኛውስ?

(በአንድ የወጣቶች የንባብ ክበብ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ስለ ቴክኖሎጂ ተናገር ተብዬ ስጋበዝ ሳቄ መጣ። ኢንጂነር አይደለሁም። በየጋዜጣው እየዞርኩ የምጽፍ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ። ግን ዛሬ ይዤ የመጣሁት ጉዳይ ለኢንጂነሮች ብቻ የሚተው አይደለም። የገመና ጉዳይ ነው። ገመና የሌለው ሰው ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰው መንገድ የሚያሳየው መሣሪያ ይገዛል፤ ወይም በስልኩ ላይ አፕ ይጭናል። አምኖበት ይነዳል። አንድ ቀን የመሣሪያው ባለቤት ኩባንያውን ይሸጣል። ገዢው ማነው? ስለ እናንተ ቀድሞውንም ብዙ የሚያውቅ፣ የዓለም ሀብታም የሆነ ድርጅት። እናንተ ቃል የተገባባችሁ ግን ከሻጩ ጋር ነው፤ ገዢውን አታውቁትም፣ አልተዋዋላችሁትም። ታዲያ ኩባንያው ሲሸጥ እናንተስ አብራችሁ ትሸጣላችሁ ወይ? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ አንድ ወሬ ላጥራ። ብዙ ሰው «ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ ያየናል» ይላል። አያይም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እየዞሩ ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ይናገራሉ እንጂ ማን እንደሚሰማቸው አያውቁም። ልክ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ናቸው። ጣቢያው እናንተ ሬዲዮ ከፍታችሁ እንደሆነ በምን ያውቃል? የድሮዎቹ መንገድ መሪዎች፣ እነዚያ በመኪና መስታወት ላይ የሚለጠፉት፣ ካርታውን በሆዳቸው ይዘው፣ የሳተላይቱን ድምፅ ሰምተው፣ ሒሳቡን ብቻቸውን ይሠሩ ነበር። ወሬ አቀባይ የሆኑት ኢንተርኔት ሲገባላቸው ነው። ያን ጊዜ መስማት ብቻ ሳይሆን መናገርም ጀመሩ። እንግዲህ ሰላዩ ሰማይ ላይ ሳይሆን ኪሳችን ውስጥ ነው ማለት ነው።

ዌዝ የሚባለውን አፕ ውሰዱ። በእስራኤል አገር የተፈጠረ ነው። መነሻው በ2006 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው የሠሩት ነፃ ካርታ ነው፤ ኩባንያ ሆኖ የተቋቋመው በ2008 ነው። እዚያ አገር መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ብልሃቱ ቀላል ነው። አፑን የከፈተ ሰው ሁሉ በየደቂቃው የት እንዳለ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ሳይታወቀው ይልካል። መቶ መኪና አንድ ጎዳና ላይ ሲንቀራፈፍ ማሽኑ «እዚህ ተዘግቷል» ብሎ መቶ አንደኛውን በሌላ መንገድ ይወስደዋል። ቆንጆ ነገር ነው፤ አልዋሽም። ደቦ ነው። ሁሉም ትንሽ ያዋጣል፣ ሁሉም ይጠቀማል።

ችግሩ ደቦው ጌታ ያለው መሆኑ ነው። በሰኔ 2013 ጉግል ዌዝን ገዛው። በራሱ የሒሳብ መዝገብ ላይ ያሰፈረው ዋጋ 966 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዚያን ጊዜ ዌዝ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ተጠቃሚ ነበረው። ገንዘቡ ለባለአክሲዮኖችና ለሠራተኞች ሄደ። ካርታውን በሌሊት ቁጭ ብለው ጎዳና በጎዳና ያረሙት፣ በየቀኑ መንገዳቸውን ያዋጡት ሰዎችስ? ደቦው ላይ ያረሰ ሰው እህሉ ሲሸጥ አይጠየቅም እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ «ጉግል ካርታ አልነበረውም ወይ?» የሚል ብልህ ሰው ይኖራል። ነበረው እንጂ! በዓለም ላይ ትልቁ ከሚባሉት አንዱ። የገዛው፣ እንደኔ አስተያየት፣ ካርታ ሳይሆን እንቅስቃሴ ነው። ቀድሞ ምን እንደምትፈልጉ ያውቃል፤ መፈለጊያው የሱ ነው። ምን እንደምትጻጻፉ የሚያልፍበት ፖስታ ቤትም የሱ ነው። አሁን ደግሞ ጠዋት ከየትኛው በር እንደምትወጡና ማታ የት እንደምታድሩ ተጨመረ። ከግዢው አንድ ዓመት ከሩብ ያህል ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 1 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ.) ጉግል ከ60 በላይ የነበሩትን የተለያዩ የግል መረጃ ደንቦቹን አንድ አድርጎ ጠቅልሏቸው ነበር። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ በአንዱ ክፍል የገባ በሌላው ክፍል ይታያል።

የእንግሊዝ የውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግዢውን መርምሮ በዚያው ዓመት አሳለፈው። የመረመረው ግን «ገበያው ይጎዳል ወይ?» ብሎ ነው። በእንደዚህ ዓይነት ምርመራ ሚዛን ላይ የሚወጣው ዋጋና ተፎካካሪ ነው። ገመና ዋጋ ስለሌለው ሚዛኑ ላይ አይወጣም።

«ስሜን አልሰጠሁም፣ ታዲያ ምን አገባኝ?» የምትሉ ካላችሁ ይሄን ስሙ። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የአንድ ሚሊዮን ተኩል ሰዎችን የ15 ወር የስልክ እንቅስቃሴ፣ ስም የሌለበትን፣ ፈትሾ ነበር። አራት ነጥብ ብቻ፣ ማለትም አንድ ሰው በአራት የተለያዩ ሰዓቶች የት እንደነበረ ማወቅ ብቻ፣ ከመቶ 95ቱን ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ለይቶ ለማውጣት በቂ ሆኖ ተገኘ። አራት! ቤት፣ ሥራ ቦታ፣ ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ የእሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም የዓርብ መስጊድ… ሞላ። ስሙን ማን ይፈልገዋል?

አሁን ወደ ሆላንድ ልውሰዳችሁ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ይሄ ታሪክ ነው። ቶምቶም የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ በመንገድ መሪ መሣሪያ ስሙ የገነነ ነው። ደንበኞቹ የትራፊክ መጨናነቅ እንዲነገራቸው የጉዞ መረጃቸውን ለኩባንያው እንዲልክ ፈቅደዋል። ኩባንያው ስሙን አራግፎ፣ አጠቃሎ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይሸጥ ነበር። ለመንገድ ፕላን ይጠቅማል ተብሎ ነው። በሚያዝያ 2011 አንድ የአገሩ ጋዜጣ አፈነዳው፦ ፖሊስ ያንን መረጃ ተጠቅሞ ሰው በብዛት ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ የሚነዳበትን ቦታ እየለየ የፍጥነት መቅጫ ካሜራ ይተክላል። ሕዝቡ አበደ። ሰውዬው መንገድ እንዲያሳየው በገንዘቡ የገዛው ዕቃ ቅጣት የሚያስቆርጥበት ዕቃ ሆኖ ተገኘ! የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሃሮልድ ጎዲን ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ እንዲህ ያለ አጠቃቀም እንዳይደገም አደርጋለሁ አለ።

ልብ በሉ። እዚህ ውስጥ ሕግ የጣሰ ሌባ የለም። የማንም ስም አልወጣም። ፖሊስም የፖሊስ ሥራውን ነው የሠራ። ግን ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ ነገር ለሌላ ጉዳይ ዋለ። ያኔ ደግሞ ቶምቶም ራሱን የቻለ ኩባንያ ነበር፤ ደንበኛው የሚጮህበት አንድ ደጅ ነበረው። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ2019፣ የድርጅቶችን መኪኖች የሚከታተለውን ክፍሉን በ910 ሚሊዮን ዩሮ ሸጠው። ለማን ቢሸጥ ጥሩ ነው? ለብሪጅስቶን። ጎማ ሠሪው! ሾፌሩ አንድ ቀን ጠዋት ሲነቃ የሚውልበትን የሚያውቀው ጎማ ሻጭ ሆኗል።

ኖኪያም እንዲሁ። ናቭቴክ የሚባለውን የካርታ ኩባንያ በ2008 በ8.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2015 ደግሞ ሂር በሚል ስም የሚጠራውን ያንኑ የካርታ ክፍል ለኦዲ፣ ለቢኤምደብሊውና ለዳይምለር በ2.8 ቢሊዮን ዩሮ አስተላለፈው። ካርታ እንደ በግ ከገበያ ወደ ገበያ ይነዳል።

«ገዢዎቹ እኮ ቃል ይገባሉ» ይባላል። አዎ፣ ይገባሉ። ፌስቡክ ዋትሳፕን በ2014 ሲገዛ ለአውሮፓ ኮሚሽን የነገረው የሁለቱን ተጠቃሚዎች በአስተማማኝ መንገድ ማዛመድ አልችልም ብሎ ነው። በ2016 የዋትሳፕ ስልክ ቁጥሮችን ከፌስቡክ ጋር ማገናኘት ጀመረ። ኮሚሽኑ አሳሳች መረጃ ሰጥተኸኛል ብሎ በ2017 የ110 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለበት። 19 ቢሊዮን ዶላር ለከፈለ ሰው 110 ሚሊዮን ምንድን ነው? የጉሊት ቀረጥ ነው።

ከዚያ በኋላ አውሮፓውያኑ ትንሽ ብልጠት አበጁ። ጉግል ፊትቢት የሚባለውን የእጅ ሰዓት መሰል መሣሪያ ሠሪ በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ሲል ገመናን እንደ ቁም ነገር ቆጥረው ተደራደሩ። የእርምጃው፣ የልብ ምቱ፣ የተሮጠበት መንገድ መረጃ ለአሥር ዓመት ለማስታወቂያ እንዳይውል አስፈረሙት፤ ግዢውም በጥር 2021 ተጠናቀቀ። ጥሩ ነው። ግን የኮሚሽኑ ውሳኔ የሚጠብቀው የአውሮፓን ተጠቃሚ ነው። ፍራንክፈርት ያለችው እህታችን ሰዓቷን አስራ ስትሮጥ በፊርማ ትጠበቃለች። ያንኑ ሰዓት ለወንድሟ አዲስ አበባ ብትልክለት፣ እሱ ጃንሜዳ ሲሮጥ የሚጠብቀው የኩባንያው በጎ ፈቃድ ነው። አንድ ዓይነት ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ልብ፣ ሁለት ዓይነት ሰው።

በጎ ፈቃድ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ደግሞ በነሐሴ 2018 አሶሺየትድ ፕሬስ አሳየን። ተጠቃሚው «የሄድኩበትን አትመዝግብ» ብሎ ማብሪያ ማጥፊያውን ካጠፋ በኋላም የጉግል አንዳንድ አገልግሎቶች ያለበትን ቦታ ይመዘግቡ ነበር። በኅዳር 2022 ኩባንያው ከ40 የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ጋር በ391.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ጉዳዩን ዘጋ። መኪናውም አያርፍም። በጥር 2025 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጄኔራል ሞተርስን የከሰሰው የሾፌሮችን ቦታ አንዳንዴ በየሦስት ሴኮንዱ እየሰበሰበ አሳልፎ ሸጧል በማለት ነው። ያንን መረጃ ለኢንሹራንስ ሰዎች ውሳኔ እንደ ግብዓት የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ነበሩ። ዋሽንግተንና አካባቢው መሪ ይዘው ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን የኢንሹራንስ ዋጋ ለምን ጨመረ ብለው ሲጨነቁ ጠቋሚው የራሳቸው መኪና ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። «የምደብቀው የለኝም» የሚል ሰው እዚህም እሰማለሁ። እኔ በሙያዬ የምደብቀው አለኝ፤ ደፍሬ እናገራለሁ። ወንጀል አይደለም፤ የሰው አደራ ነው። አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሰነድ ይዞ ሊያገኘኝ ሲመጣ፣ የሱ ስልክና የኔ ስልክ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ለአንድ ሰዓት አብረው ከተቀመጡ፣ አፋችንን ባንከፍትም ስልኮቹ ተናግረዋል። ሰውዬው ሥራውን ቢያጣ፣ ቤቱ ቢፈተሽ፣ ተጠያቂው ማነው? ሐኪም ዘንድ በድብቅ የምትሄድ ሴትም፣ ከባሏ ሸሽታ እናቷ ቤት ያለች ሴትም የምትደብቀው አላት። መብቷም ነው።

የእኛ አገር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብትን ደንግጓል። ወረቀቱ ላይ አለ። በመጋቢት 2014 (እ.ኤ.አ.) ግን ሂውማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ የዚያን ጊዜው መንግሥት በብቸኛው የቴሌ ድርጅት በኩል የዜጎችን ጥሪና ያሉበትን ቦታ እንዴት ያገኝ እንደነበር በዝርዝር ጽፏል። እንግዲህ እዚህ አገር ቦታህን የሚያውቅ ሰው ሊሸጥልህ ዕቃ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ለዚህ ነው የካሊፎርኒያ የግዢ ውል የአዲስ አበባም ጉዳይ ነው የምለው። መዝገቡ ከተሠራ ጠያቂው አይጠፋም፦ ዛሬ ነጋዴ፣ ነገ መርማሪ፣ ከነገ ወዲያ ሰርጎ ገብ።

አሜሪካኖቹ እንኳ ይሄን አይተውታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ2012 ፖሊስ አንድ ተጠርጣሪ መኪና ላይ ጂፒኤስ ለጥፎ ለ28 ቀን መከታተሉ ፍተሻ ነው ብሎ ወሰነ፤ በ2018 ደግሞ የስልክን የቦታ ታሪክ ለማግኘት በመርህ ደረጃ የዳኛ ማዘዣ ያስፈልጋል አለ። የእኛም ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥቷል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ ለሌላ እንዳይውል የሚል መርህ አለበት። እሰየው! ግን አዋጅ በዳኛና በጋዜጠኛ ካልተሞከረ የመደርደሪያ ጌጥ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ዛሬ ከተማችን ውስጥ ታክሲ በስልክ የሚጠሩ ኩባንያዎች ሞልተዋል። ማን ከየት ተነሥቶ የት እንደወረደ መዝገብ አላቸው። ነገ አንዱ ለውጭ ገዢ ቢሸጥ፣ ገዢው የቆየውን መዝገብ ከነሰዉ ይረከባል ወይስ ደንበኛው እንደገና «እሺ» ማለት አለበት? እምቢ ያለው ሰው መዝገቡ ይሰረዛል ወይ? በስንት ቀን? ማን ያረጋግጣል? ይህንን ጥያቄ ለባለሥልጣኑ በጽሑፍ ማቅረብ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ረቂቁን እኔ አዘጋጃለሁ፤ ፊርማችሁን ብቻ ነው የምፈልገው። ወረቀቱ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አለ። ስልክ ቁጥር መጻፍ አያስፈልግም።

ጥያቄ ካላችሁ እሰማለሁ።