ጀማሪና አዋቂ በአንድ የጎልፍ ሜዳ፦ ለሁሉም የሚሆን ሚዛን
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 ኮሚቴው ስለ ዓመታዊው የጎልፍ ውድድራችን እንድናገር ስለጋበዘኝ አመሰግናለሁ።

አንዳንዶቻችሁ «ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ናይሮቢ ለምንኖር ሰዎች ግን ጨዋታው ሩቅ አይደለም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥቀስና፣ የሮያል ናይሮቢ ጎልፍ ክለብ የተቋቋመው በ1906 ነው፤ የኬንያ ኦፕን ውድድር የተጀመረውም በ1967 ነው። ከእኛም መካከል አንዱ በሥራ ባልደረባው፣ ሌላው በጎረቤቱ፣ ሌላዋ በልጇ በኩል ዱላውን ጨብጠዋል። ከዚህም ሌላ፣ በጎልፍ ቀናችን የሚሰበሰበው ገንዘብ አቅም ላነሳቸው ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ እንደሚውል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ተሳታፊ በቀነሰ ቁጥር የሚጎዱት እነዚያ ልጆች ናቸው።

ተሳታፊው ደግሞ እየቀነሰ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ለሃያ ዓመት የተጫወተና ባለፈው ዓመት የጀመረ ሰው አብረው ተሰልፈው፣ «ኳሷን በትንሹ ምት የጨረሰ ያሸንፋል» ከተባለ፣ ዋንጫው ማን ቤት እንደሚገባ ከጠዋቱ ይታወቃል። ጀማሪው አንድ ጊዜ ይመጣል፣ ሁለተኛም ይመጣል፤ በሦስተኛው «ሥራ አለብኝ» ይላል። እኔ ባለ ሱቅ ነኝ። የእኔ ሙያ የሚያስተምረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ደንበኛ ሚዛኑን ካላመነ ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር ተመልሶ እንደማይመጣ ነው።

ደግነቱ ጎልፍ ለዚህ ችግር ከብዙ ጨዋታዎች የተሻለ መፍትሔ አለው። እግር ኳስ ላይ ለደካማው ቡድን ሁለት ጎል አስቀድመን አንሰጥም። ጎልፍ ላይ ግን ሃንዲካፕ የሚባል ሥርዓት አለ። ሃንዲካፕ ማለት ተጫዋቹ ከችሎታው አንጻር የሚሰጠው የምት ቅናሽ ነው። ከ2020 ጀምሮ ይኸው ሥርዓት በዓለም አንድ ዓይነት ሆኗል። ተጫዋቹ ካስመዘገባቸው የመጨረሻዎቹ 20 ውጤቶች ውስጥ የተሻሉት 8 ተወስደው በአማካይ ይሰላል። ጣሪያው ለወንድም ለሴትም 54 ነው። በብሪታንያ ሥርዓት ለብዙ ዘመን የወንድ ጣሪያ 28፣ የሴት 36 ነበር፤ አሁን ግን ገና የጀመረ ሰውም በቂ ቅናሽ ያገኛል። ሜዳዎችም በክብደታቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ከሞምባሳ ናያሊ የሚመጣ እንግዳችን ናይሮቢ ሲጫወት ቅናሹ በሜዳው ክብደት ይስተካከልለታል።

ይሁን እንጂ ሃንዲካፕ ብቻውን አይበቃም፤ የውድድሩ ዓይነትም ለመጡት ሰዎች መመረጥ አለበት። ሦስት ዓይነት ላቅርብላችሁ።

አንደኛው ስቴብልፎርድ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከዶክተር ፍራንክ ስቴብልፎርድ ሲሆን፣ በ1932 በዎላሲ ክለብ ውድድር ተደርጎበታል። በዚህ አቆጣጠር ምት ሳይሆን ነጥብ ነው የሚደመረው። ቅናሹ ከተነሳ በኋላ ጉድጓዱን በፓሩ የጨረሰ 2 ነጥብ፣ በአንድ ምት የበለጠ 1፣ በአንድ ያነሰ 3፣ በሁለት ያነሰ 4 ያገኛል። ከፓሩ በሁለትና ከዚያ በላይ የበለጠ ዜሮ ነው።

በምሳሌ እንየው። ፓሩ 4 የሆነ፣ በክብደቱ አምስተኛ የተባለ ጉድጓድ ላይ ሦስት ሰዎች ይጫወታሉ። ቅናሽ የሌለው በ4 ምት ይጨርሳል። የ8 ሃንዲካፕ ያለው አንድ ቅናሽ ስላለው በ5 ይጨርሳል። የ28 ሃንዲካፕ ያላት እህታችን በከባዶቹ 10 ጉድጓዶች ሁለት ሁለት፣ በቀሩት 8 አንድ አንድ ቅናሽ ስላላት በ6 ትጨርሳለች። ሦስቱም 2 ነጥብ ያገኛሉ። ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ጉድጓድ ላይ ኳሱ ሣር ውስጥ ገብቶ የተንገላታ ሰው፣ ነጥብ እንደማያገኝ ሲያውቅ ኳሱን አንስቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በአንድ መጥፎ ጉድጓድ ቀኑ አይበላሽበትም፤ ከኋላው ያሉትም ፀሐይ ላይ ቆመው አይጠብቁትም።

ሁለተኛው ፒዮሪያ የሚባለው ሲሆን፣ የተመዘገበ ሃንዲካፕ ለሌላቸው ነው። ኮሚቴው ከጨዋታው በፊት 6 ጉድጓዶችን በምስጢር መርጦ በፖስታ ያሽጋል። ተጫዋቾቹ 18ቱን ጨርሰው ካርዳቸውን ካስረከቡ በኋላ ፖስታው ይከፈታል። በ6ቱ ላይ ከፓር በላይ የተመታው ተቆጥሮ በ3 ይባዛል፤ ከዚያ 80 በመቶው የዕለቱ ቅናሽ ይሆናል። ለምሳሌ የ6ቱ ፓር 24 ሆኖ ተጫዋቹ 36 ቢመታ፣ ብልጫው 12 ነው። በ3 ሲባዛ 36፣ 80 በመቶው ወደ 29 ይጠጋል። በጠቅላላው 108 የመታ ሰው 79 ሆኖ ይቆጠርለታል። ሆን ብሎ ምት የሚያባክን እንዳይኖር፣ በአንድ ጉድጓድ ከፓሩ እጥፍ በላይ አይቆጠርም ብሎ አስቀድሞ መወሰን ይበጃል። ዕድል እንዳለበት አልክድም፤ ለአንድ ቀን እንግዳ ግን የሚያስደስት ዘዴ ነው።

ሦስተኛው ስክራምብል ነው። ይህ የእኛን ደቦ ይመስላል። አራት ሰዎች አንድ ቡድን ይሆናሉ። አራቱም ይመታሉ፤ የተሻለው ኳስ ይመረጥና አራቱም ከዚያ ቦታ እንደገና ይመታሉ። የቡድኑ ቅናሽ የሚሰላው ከዝቅተኛው ሃንዲካፕ 25፣ ከቀጣዩ 20፣ ከሦስተኛው 15፣ ከከፍተኛው 10 በመቶ ተወስዶ ነው። 8፣ 20፣ 36 እና 54 ያላቸው ቢቀናጁ፣ ድምሩ 17 ገደማ ይሆናል። የእያንዳንዱ ሰው የመነሻ ምት ቢያንስ ሦስት ጊዜ መወሰድ አለበት ብንል፣ ጎበዙ ብቻውን ቡድኑን አይሸከምም። አባት ከልጁ፣ አዲስ ገቢ ከነባር ጋር የሚጫወተው በዚህ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ!

አሁን ወደ ሁለት ከባድ ጉዳዮች ልግባ።

የመጀመሪያው የጎበዞቻችን ቅሬታ ነው። «ለዓመታት ለፍቼ ያገኘሁትን ችሎታ ለምን ለጀማሪ ትሸልሙብኛላችሁ?» ይላሉ። ቅሬታው እውነት አለው። ስለዚህ ያለ ቅናሽ በትንሹ ምት ለጨረሰ ሰው የተለየ ዋንጫ ይኑር፤ ክብሩም አይቀነስ። የቅናሹ ሽልማት ግን የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ዛሬ ከራሱ አቅም አንጻር ማን በለጠ?» የሚለውን። ሁለቱን ጥያቄ በአንድ ዋንጫ ለመመለስ መሞከር ነው ያጣላን።

ሁለተኛው ታማኝነት ነው። የጎልፍ ሚዛን የሚሠራው ሰው ክፉውንም ደጉንም ውጤት ሲያስመዘግብ ነው። ደህና የተጫወተበትን ካርድ ኪሱ ከትቶ መጥፎውን ብቻ የሚያስረክብ ሰው ሃንዲካፑ ያብጣል፤ በውድድር ቀን ያልተገባ ዋንጫ ይወስዳል። ይህ በሚዛን ላይ ጣት ከማሳረፍ አይለይም። በዚህ ጉዳይ የተነሳ ሐሜት ሰላምታ እስከ መከልከል የደረሰባቸውን ሰዎች ሽማግሌ ገብቶ እንዳስታረቀ ታስታውሳላችሁ። ሐሜቱን የሚያስቀረው ግልጽነት ነው፤ የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሃንዲካፕ ከውድድሩ ሳምንት በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። አስተያየት ያለው በፊት ለፊት ለኮሚቴው ይናገር፤ ከሽልማት በኋላ ግን ነገር አይነሳ።

ስለዚህ ለመጪው ውድድር የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦

ሃንዲካፕ ያላቸው በስቴብልፎርድ፣ እስከ 18 ያላቸው በአንድ ምድብ፣ ከ19 እስከ 54 ያሉት በሌላ ምድብ ይጫወቱ። ሃንዲካፕ የሌላቸው በፒዮሪያ ይወዳደሩ። ከሰዓት በኋላ ቤተሰብ በ9 ጉድጓድ ስክራምብል ይጫወት፤ ለሕፃናትም ኳስ ወደ ጉድጓድ የማስገባት ውድድር ይኑር። አንድ ሰው ከአንድ ሽልማት በላይ አይውሰድ። እኩል የወጡ ሰዎች በመጨረሻዎቹ 9፣ ከዚያ በ6፣ ከዚያ በ3 ጉድጓዶች ውጤት ይለዩ። ሽልማቱ ዕቃ ይሁን እንጂ ገንዘብ አይሁን፤ አማተር ተጫዋች በሃንዲካፕ ውድድር የገንዘብ ሽልማት እንዲቀበል ደንቡ አይፈቅድም። ጋቢ ወይም የቡና ስኒ ከነረከቦቱ ቢሆን ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ቤት ውስጥ ይታያል። ደንቡ ሁሉ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከመጀመሪያው ምት በፊት ለሁሉም ይታደል።

ይህን ካደረግን፣ በሚቀጥለው ዓመት ሰባ ዓመት የሞላቸው አባታችንና ገና ዱላ መያዝ የተማረች ልጃችን ጠዋት ሲነሱ ሁለቱም «ዛሬ ላሸንፍ እችላለሁ» ብለው ይመጣሉ። እነሱ ከመጡ የመመዝገቢያው ገንዘብ ይሞላል፤ የልጆቹም የትምህርት ቤት ክፍያ በጊዜው ይከፈላል።