«ብነግርዎ ይፈርሙልኝ ነበር?»



እኔ የእብናት ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ጠላው የማኅበር፣ አረቄው የእንግዳ ክብር ነው። «ስንት ትጠጣለህ?» የተባለ ሰው እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ሐኪም ሆኜም ይህ ይሉኝታ አልለቀቀኝም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ወጣት ለጥበቃ ሥራ የጤና ማስረጃ ሊያወጣ መጣ። መሣሪያ የሚያስይዝ ሥራ ነው። ግፊቱን ለካሁ፣ ዓይኑን አየሁ። «መጠጥስ?» ስለው «ለበዓል ብቻ» አለኝ። ገና በጠዋቱ አፉ አረቄ አረቄ ይሸት ነበር። ወረፋው ረጅም ነው፤ ፈረምኩ።

ከወራት በኋላ ከሥራው ተባሮ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ብነግርዎ ይፈርሙልኝ ነበር?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ያው ጥያቄ በቅርቡ ከዋሽንግተን በስልክ መጣብኝ። አንድ ወዳጄ ነው፤ ፈቅዶልኝ ነው የምናገረው። የአሜሪካ ዜግነት ወስዶ፣ የመንግሥት ምስጢር ለማየት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ሊገባ ነው። ኤስ ኤፍ 86 የተባለው ቅጽ፣ ባለፉት 7 ዓመታት መጠጥ ሥራህን፣ ቤትህን፣ ገንዘብህን ጎድቶ ወይም ከፖሊስ አገናኝቶህ ያውቃል ወይ ይላል። እሱ ደግሞ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ፣ ኋላ ታክሞ መጠጥ የተወ ሰው ነው። «ዝም ብዬ ልለፈው ይሆን?» አለኝ።

መመሪያውን አብረን አየነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ጠጥቶ መንዳትና ሰክሮ ሥራ መግባት ፈቃድ ሊያስከለክሉ ይችላሉ። ችግሩን አምኖ የታከመና መለወጡን ያሳየ ሰው ግን ይህ ይታይለታል። ሆን ብሎ መደበቅ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው። «ጻፈው» አልኩት፤ ጻፈው። አሁን ውሳኔውን እየጠበቀ ነው።

እኛስ? ማስረጃችን ላይ «ጤነኛ ነው» ወይም «አይደለም» ብለን እንጨርሳለን። ስለዚህ ሰው ይዋሻል፤ እኛም እያወቅን እንፈርማለን። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው «ኦዲት» የተባለው መጠይቅ 10 ጥያቄ ብቻ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በጣሳም በመለኪያም እያሰላን እንጠይቅ። ያመነውን እናክም፤ ታክሞ ሲሻለው ይህንኑ እንጻፍለት።

ለዚያ ወጣት ዛሬ መልስ አለኝ፦ «ያን ቀን አልፈርምልህም ነበር። ታክመህ ስትመለስ ግን እፈርምልሃለሁ።»