ነጥብ ያልተቆጠረለት ድካም

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ሁላችንም የምናጨበጭበው ኳሱን ለሚያገባው ነው። አመቻችቶ ያቀበለውን ግን ማን ያስታውሰዋል? ስለዚህ ዛሬ ስለ ኬ. ሲ. ጆንስ ልንነግራችሁ ተነሥተናል።

ጆንስ በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ጨዋታውን የሚመራ ኳስ አቀባይ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 መጨረሻ፣ በኦክላሆማ ሲቲ ሆቴሎች ጥቁር ተጫዋቾችን አናሳድርም ባሉ ጊዜ ነጮቹ ጓደኞቻቸው አልተለዩዋቸውም፤ ሁሉም በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ አብረው አደሩ። በ1955 ለብሔራዊው ዋንጫ ከላ ሳል ጋር ሲገናኙ፣ ጆንስ በቁመት የሚበልጠውን ዝነኛውን ቶም ጎላን እንዲይዝ ታዘዘ። ያዘው፤ በዚያም ላይ 24 ነጥብ አገባ። ቡድኑም 77 ለ 63 አሸነፈ።

በ1956 ግን በተማሪነት የሚጫወትበት ዘመን አልቋል ተብሎ በዋንጫው ውድድር እንዳይሰለፍ ተከለከለ። ጓደኞቹ ያለ እርሱ ዋንጫውን ደገሙት። «እንግዲያው አላስፈለገም ነበር» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አንልም፤ አብሮ መጫወትን ያስለመደ ሰው እርሱ ባይኖርም ሥራው ይኖራል። ጆንስም በዚያው ዓመት በሜልቦርን ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ፤ በኋላም ከቦስተን ሴልቲክስ ጋር በተጫዋችነት 8 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በማኅበራችንም ወንበር የሚደረድር፣ ጽሑፍ የሚያባዛ አለ። ጭብጨባችን ለእርሱም ይድረስ።