ስለ ቁርስ ፍርፍር አሠራር የተደረገ ንግግር



ሌሎች የክፍሌ ልጆች ስለ ሳይንስና ስለ ታሪክ ከተናገሩ በኋላ እኔ ስለ ፍርፍር ልናገር በመነሣቴ ከኋላ የሚስቁትን አያለሁ። ግድ የለም፣ ይሳቁ፤ አምና ቢሆን እኔም ከእነርሱ ጋር እስቅ ነበር።

አምና እናቴ አራስ ሳለች ጎረቤቶች ለእርስዋ ገንፎ ያመጡላት ነበር፤ የታናናሾቼን ቁርስ ግን ያሰበ አልነበረም። አባቴ የሌሊት ተረኛ ስለ ሆነ ከሥራ የሚመለሰው እኛ ከሄድን በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ታናሽ ወንድሜ ባዶ ሆዱን ሄዶ በሰልፍ ላይ ሳለ ዞሮበት ወደቀ። በማግሥቱ ሌሊት በ11 ሰዓት ተነሥቼ ማድ ቤት ገባሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ የሚነገር አይደለም። ቅቤውን አግዬ በርበሬውን ብነሰንስበት ወዲያው አረረ፤ ቤቱን ሁሉ ሳል ያዘው፤ ልጆቹም ደረቅ ዳቦ ይዘው ሄዱ። አንዲት ጎረቤታችን «ወንድ ልጅ ከድስት ጋር ምን አለው?» ብለው ሳቁብኝ። እናቴ ግን ከአልጋዋ ሆና «መቸኮልህ ነው እንጂ ወንድነትህ ምን አደረገ?» አለችና እንዲህ አስተማረችኝ።

ለአምስት ሰው ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ይከተፋል። ያለ ቅቤ ተጥዶ፣ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ጠብ ጠብ እያለ ውሃ እየተደረገበት፣ እስኪቁላላ ድረስ ይማሰላል። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ቀጥሎም አንድ ማንኪያ በርበሬ ይገባል፤ እንዳያርርም ትንሽ ውሃ ይጨመርበታል። አራት የበሰለ ቲማቲም ተከትፎና ጨው ተደርጎበት እስኪሟሽሽ ይንተከተካል። በጾም ቀን ቅቤውና እንቁላሉ ቀርቶ በዘይት ይሠራል።

ሁሉም ነገር ትኩስ መሆን አለበት፤ እንጀራው ብቻ የትናንት ይሻላል፣ የዕለቱ መረቁን ሲጠጣ ሊጥ ይመስላልና። እንቁላሉን ውሃ በመላበት ጣሳ ውስጥ ቢያስቀምጡት አዲሱ ከታች ይጋደማል፤ የቆየው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በጣም ያረጀው ይንሳፈፋል። ቅርፊቱ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ስላሉት እርጥበቱ እየወጣ አየር ይተካበታል። ይህን በክፍል ተምሬው ነበር፤ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም መስሎኝ!

አራት እንጀራ ተቆራርሶ ከተገለባበጠ በኋላ አምስት እንቁላል ተመትቶ ከላይ ይፈስሳል፤ ቃሪያም ይነሰነስበታል። ከዚያ ክዳኑን ከድኖ እሳቱን ቀንሶ እንቁላሉ ፈጽሞ እስኪረጋ ሳይነኩት መታገሥ ነው። ለእኔ የከበደኝ ይህ ነበር፤ በየደቂቃው እከፍተው ነበርና።

እናንተም ብትሞክሩት፣ በከሰል የምትሠሩ ከሆነ ምድጃውን ሰው ወደሚተኛበት ዝግ ቤት አታስገቡ። ከሰል ጢሱ ቢጠፋም ሽታ የሌለው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ ይወጣዋል። እኔ ሕፃኑን ስለ ፈራሁ ብርዱን ችዬ በደጅ አበስል ነበር።

በአራተኛው ቀን ልጆቹ ድስቱን ጠርገው በሉ። ለእናቴም በሳሕን አድርጌ ወሰድሁላት። ቀመሰችና «ጨው አንሶታል» አለችኝ፤ ሳሕኑን ግን ባዶውን መለሰችልኝ።