ስለ ቮልሷና ስለ ጋራ ቆጣሪያችን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ያደረጉት ንግግር። በዕለቱ ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



የምናገረው ሁላችሁም ስለምታውቁት ጉዳይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ በግቢያችን መብራት ጠፋ። የእናቶች እንጀራ ምጣድ ላይ ቀረ። «ያ ቮልስ የሚፈታታው ልጅ ነው ያጠፋው» ተባለ። በማግስቱም 11 ሰዎች ፈርመው «መኪናዋ ከግቢ ትውጣልን» የሚል ማመልከቻ አስገቡ።

ማመልከቻውን ከማንበቤ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ልጁ ባትሪ የሞላበትን የማራዘሚያ ገመድ ያዋስኩት እኔ ነኝ። ቀጭን ገመድ ነው፤ ለአምፖልና ለራዲዮ የምጠቀምበት። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ስለዚህ ጥፋቱ የልጁ ብቻ ተደርጎ እንዳይጻፍ።

ከዚያ ወዲህ ግን ቁጭ ብዬ ጠየቅሁት። እኔ እስከ 6ኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ።

ቮልሷ የአባቱ ናት። በሌሊት ስንቱን ወላድ ሐኪም ቤት እንዳደረሰች እናንተ ታውቃላችሁ። አባቱ ካረፉ ወዲህ ሞተሯ ነክሶ፣ ሸራ ለብሳ ቆማለች። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ደግሞ ከኛ መሐል ለማን ይቻላል? ልጁም «ያለችውን ልለውጣት» አለ። ይህ ነውር አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ከካምቢዮው ጋር በ4 ብሎን ብቻ የተያዘ ስለሆነ በቀላሉ ይወርዳል። በቦታው የኤሌክትሪክ ሞተር ይገባል። ሁለቱን የሚያያይዘው ብረት ቶርኖ ቤት ይቆረጣል፤ ልኩ ትንሽ ከሳተ ካምቢዮውን ይበላዋል። ካምቢዮው ራሱ እንዳለ ይቀራል። ፍሬኗ በእግር ኃይል የሚሠራ ስለሆነ የቤንዚን ሞተሩ መውጣት አይጎዳውም። ነገር ግን ባትሪ ክብደት ይጨምራል፤ ስለዚህ ፍሬኑ መታየት አለበት።

ባትሪው ሊትየም ነው። እያንዳንዱ 3.2 ቮልት የሆነ 30 ፍሬ ሲደረደር 96 ቮልት ይሆናል። አንዴ ከተሞላ በከተማ ውስጥ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ቢሾፍቱ ትደርስ ይሆናል እንጂ ሳትሞላ አትመለስም። ለሠፈር ሥራ ግን ይበቃል።

አሁን ወደ ቅዳሜው ነገር ልምጣ። ባትሪ መሙያው 10 አምፔር ይስባል፤ ለመሙላትም 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። አንድ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 16 አምፔር ያህል ይስባል። በዚያች ማታ ሁለት ምጣድና መሙያው በአንድ የጋራ ቆጣሪ ላይ ነበሩ። ብሬከሩ ወደቀ። መውደቁ እኮ ደግ ሆነ! ገመዴን ስዳስሰው ይፋጅ ነበር። ቤቶቻችን ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ቢቀጣጠል የሚቀር የለም። ስለዚህ የፈረሙት ሰዎች ፍርሃታቸው እውነት ነው።

ሌላም አደጋ አለ። የቤንዚን መኪና ቁልፉ ከተነቀለ ሞተሩ ይጠፋል። ባትሪ ግን ቁልፍ ቢነቀልም ኃይሉ ውስጡ አለ። መፍቻ በሁለቱ ጫፍ ላይ ቢወድቅ ብልጭታው ብረት ያቀልጣል። 96 ቮልትም ሰው ይገድላል። ልጆቻችን ደግሞ በዚያች መኪና ሥር ነው ኳስ የሚፈልጉት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ልጁን ብናባርረው ሥራውን ከዓይናችን ርቆ፣ ብቻውን ይሠራዋል። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦

1ኛ/ ልጁ የራሱ ቆጣሪ እስኪገባለት በጋራ ቆጣሪው አይሙላ። ሲገባለትም መስመሩን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን በወፍራም ሽቦና በራሱ ብሬከር ይዘርጋው።

2ኛ/ ባትሪው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይሁን። ዋና ፊውዝ፣ በእጅ የሚቆረጥ ማጥፊያና እያንዳንዱን ባትሪ የሚቆጣጠር መሣሪያ ይኑረው።

3ኛ/ ባትሪው ላይ ሲሠራ ሁለተኛ ሰው አጠገቡ ይኑር። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቅ፤ መፍቻውም እጀታው የተሸፈነ ይሁን።

4ኛ/ መንገድ ከመውጣቷ በፊት በምርመራ ትለፍ፤ የሞተሩም ለውጥ በሊብሬው ላይ ይመዝገብ።

5ኛ/ እሳት ቢነሳ ወዲያው ወደ 939 ይደወል፤ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ነው። ቁጥሩ በየበሩ ይለጠፍ።

ልጁ እዚህ ተቀምጧል፤ ይህን ሁሉ እሺ ብሏል። እናንተም የፈረማችሁት 11 ሰዎች፣ እነዚህ ከተፈጸሙ ማመልከቻችሁን ታነሡ እንደሆነ ዛሬ ንገሩን። አንዱ ከቀረ ግን እኔ ራሴ 12ኛ ሆኜ እፈርማለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ገመዴን ተቀብያለሁ። ከእንግዲህ ለአምፖል ብቻ ነው።



የማኅበሩ ጸሐፊ