በመንጋጋ ጥርስ ምትክ ስለሚተከለው ብሎን ልክ በአባላት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ አንድ አባላችን የታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው መግል ይዞ ሊነቀል መሆኑንና በምትኩ ለማስተከል ማሰባቸውን ሲነግሩን፣ ከየአቅጣጫው «ካስተከሉ አይቀር ወፍራሙንና ረጅሙን ነው!» የሚል ምክር ዘነበባቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ምክሩ ጉዳት ስላለው ጠይቄ የተረዳሁትን ላስረዳ።

የሚተከለው የቲታኒየም ብሎን ነው። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ብሬነማርክ ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ አይተው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በሰው አፍ ተከሉት። ለመንጋጋ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይመረጣል። ማኘኪያ ነውና ከፊት ጥርስ መወፈሩ ትክክል ነው፤ እዚህ ላይ መካሪዎቹ አልተሳሳቱም። ግን በዙሪያው በቂ አጥንት መቅረት አለበት፤ ከጎረቤት ጥርስም ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ከልክ በላይ ከወፈረ የሳሳው አጥንት ይበላል፣ ድድም ይሸሻል።

የባሰው የርዝመቱ ነገር ነው። በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ፣ ከጥርሶቹ ሥር ዝቅ ብሎ፣ ወደ ከንፈርና አገጭ የሚሄድ ነርቭ አለ። ብሎኑ ከነርቩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቆም ይገባዋል። ቢነካው ከንፈር ይደነዝዛል፤ ሻይ ሲፈስ እንኳ አይታወቅም፤ አንዳንዱም አይመለስለትም። እንግዲህ ከነርቩ በላይ ያለው አጥንት 11 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ9 የበለጠ ብሎን አይገባም፤ ገንዘብ ስላለ አይረዝምም። ይህን የሚለየው መንጋጋውን በሁሉም ጎን የሚያሳየው የሲቲ ራጅ ነው።

መግል ያለበት ሰው ደግሞ አጥንቱ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ጥርሱ ይነቀላል፣ ቦታው ይጸዳል፣ ሦስት አራት ወር ያህል ይጠበቃል። በዚህ መሐል አጥንቱ ስለሚሳሳ ከመነቀሉ በፊት በተነሣ ራጅ ልክ አይቆረጥም፤ እንደገና ይለካ። ስኳር ያለበትና ሲጋራ የሚያጨስ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

መትከሉ ይቆይ ብንል እንኳ የመግሉ ሕክምና አይቆይም። ከአገጭ በታች ካበጠ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ነው፤ እንዲያው በማስታገሻ አይታደርም።

አባላችን ሐኪማቸው ዘንድ ሲቀርቡ «ነርቩ ራጁ ላይ የቱ ጋ ነው? ብሎኑ ከገባ በኋላስ ስንት ሚሊ ይቀራል?» ብለው ይጠይቁ። ብቻቸውን እንዳይሄዱ ከመካከላችን አንድ ሰው ቢሸኛቸው መልካም ነው፤ ፈቃደኛ የሆነ ዛሬውኑ ስሙን ያስመዝግብ።