የታብሌት ብዕር በውጫሌ ሚዛን
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ዕቃ በመልኩ ትንሽ ነው። ቁመቱ ከእርሳስ አይበልጥም፤ ክብደቱም በእጅ ሲይዙት እምብዛም አይታወቅም። ነገር ግን ዋጋው ከብዙ የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዝ ጋር የሚወዳደር ስለ ሆነ፥ በየመሥሪያ ቤቱም «ልግዛው ወይስ ልተወው?» የሚል ጥያቄ እያስነሣ ስለ ሄደ፥ ረጋ ብለን ልንመረምረው ይገባል። ይኸውም በታብሌት መስታወት ላይ የሚጽፈውና ሥዕል የሚሥለው የኤሌክትሮኒክ ብዕር ነው።

የአንድን ዕቃ ደግነትና ጉድለት ለመለየት ሚዛን ያስፈልጋል። ሻጩ የራሱ ሚዛን አለው፤ እርሱም አዲስነትና ውበት ነው። ለእኛ ግን ስለ ጽሕፈት ነገር ስንነጋገር ከገዛ ታሪካችን የተገኘ ሌላ ሚዛን አለን፤ ስሙም ውጫሌ ይባላል።

ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ናት። በዚያው አካባቢ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ 20 አንቀጽ ያለውን ውል ተፈራረሙ። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቅጂ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የኤውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ሲል፥ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ፈቃድን ወደ ግዴታ የሚለውጥ ሆኖ ተገኘ። በዚህም ምክንያት ኢጣልያ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ደም ፈሰሰ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌው ተሻረ።

ክቡራን አድማጮች፤ በውጫሌ የተጻፈበት ብዕር ጥፋት አልነበረበትም፤ ቀለሙም አልደበዘዘም። ክርክሩ የተነሣው በጽሕፈቱ ላይ ካለው ቃል ነው። ስለዚህ ማናቸውንም የጽሕፈት መሣሪያ ስንመዝን ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፥ እጃችን ያሰበውን ሳያዛባ ይጽፋልን? ሁለተኛ፥ ያሰብነውን ለይተን እንድንጽፍ ይረዳናልን? ሦስተኛ፥ የተጻፈው ሳይጠፋና ሳይለወጥ ይኖራልን?

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት የዕቃውን የትውልድ ሐረግ በአጭሩ እንመልከት። በኤሌክትሪክ የሚጽፍ ብዕር ብዙ ሰው እንደሚያስበው የትናንት ፍጥረት አይደለም። የውጫሌ ውል ሊፈረም ጥቂት ወራት ሲቀሩት፥ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1888፥ አሜሪካዊው ኤሊሻ ግሬይ የእጅ ጽሕፈትን በሽቦ ወደ ሩቅ አገር የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሠርቶ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። በ1964 ደግሞ ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት በብዕር የሚጻፍበትን ሰሌዳ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኘ። ዋኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1983 ተቋቁሞ ለሠዓሊዎች የሚሆኑ ሰሌዳዎችን አሠራጨ። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አፕል ፔንስል የሚለውን ብዕሩን ያወጣው በ2015 ነው። የኩባንያው መሥራች ስቲቭ ጆብስ በ2007 የመጀመሪያውን አይፎን ሲያስተዋውቅ ብዕር አያስፈልግም ብሎ እንደ ነበር ስናስታውስ፥ ጊዜ የሰውን አሳብ እንዴት እንደሚገለብጥ እንረዳለን።

ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ብዕሮች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ጫፉ ጎማ የሆነው ርካሹ ዓይነት ነው። ይህ ከጣት ምትክ የሚሠራ ስለ ሆነ የእጅን ጫና አያውቅም፤ ጫፉም ወፍራም በመሆኑ ለፊደላችን አይመችም። ሁለተኛው በውስጡ ባትሪ ያለውና ከታብሌቱ ጋር የሚነጋገር ሲሆን፥ አፕል ፔንስል ከዚህ ወገን ነው። ሦስተኛው ዋኮምና የሳምሰንግ ኤስ ፔን የሚጠቀሙበት ሲሆን፥ ኀይሉን የሚያገኘው ሰሌዳው ከሚያመነጨው መግነጢሳዊ መስክ ስለ ሆነ ለጽሕፈቱ ባትሪ አይፈልግም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ሚዛን እንግባ። የፊደላችንን ጠባይ የምታውቁ ሁሉ እንደምትረዱት፥ በአማርኛ አንዲት ቅጥያ ትርጉም ትለውጣለች። «ደመረ» እና «ጀመረ» የሚለዩት በፊደሉ ራስ ላይ ባለው ምልክት ብቻ ነው። «ይከፈል» እና «ይክፈል» ብሎ በመጻፍ መካከል ያለው ልዩነትም በዓይን ሲያዩት ኢምንት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ገንዘቡ እንዲሰጥ ሲያዝ ከፋዩን አይናገርም፤ ሁለተኛው ግን ዕዳውን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይጥለዋል። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ለተቀመጠ ጸሐፊ ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ የባለጉዳዩ መብት ነው።

ስለዚህ ብዕሩን ልትሞክሩ ወደ ሱቅ ስትገቡ ፊርማችሁን ብቻ አኑራችሁ አትመለሱ። ነና ኘን፥ ጠና ጨን፥ ደና ጀን፥ ከና ክን እያቀያየራችሁ፥ ፊደሉን በደብተር ላይ በለመዳችሁት መጠን አሳንሳችሁ በፍጥነት ጻፉ። መዳፋችሁንም በመስታወቱ ላይ አሳርፉት፤ ደኅና መሣሪያ የብዕሩን ጫፍ ከመዳፍ ለይቶ ያውቃል፤ ክፉው ግን መዳፋችሁ በነካው ቦታ ሁሉ ይሞነጭራል። ቀጥሎ መስመሩ ጫፉን ምን ያህል ተከትሎ እንደሚሄድ ተመልከቱ። አፕል በ2019 ይህን መዘግየት ከአንድ ሰከንድ ሺህ ክፍል ከ20 ወደ 9 እንዳወረደው አስታውቋል። በዚህ ረገድ ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠየቅባቸው ብዕሮች ዋጋቸውን ያሟላሉ ማለት ይቻላል፤ ጽሕፈቱ ከእጅ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ሆኖም በአንድ ነገር ላይ ማስተዋል ያሻል። ኩባንያዎቹ የእጅ ጽሕፈትን ወደ ማተሚያ ፊደል የሚለውጥ ጥበብ አላቸው። አፕል ይህን በ2020 ሲያወጣ የጀመረው በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ነበር። ስለዚህ ሻጩ በእንግሊዝኛ ጽፎ ሲያሳያችሁ አትደነቁ፤ ብዕሩን ተቀብላችሁ በአማርኛ ጻፉበት። የጻፋችሁትን ለውጦ ካላሳያችሁ፥ ቃለ ጉባኤያችሁ በታብሌቱ ውስጥ የሚቀመጠው እንደ ሥዕል ነው ማለት ነው። ከዓመት በኋላ የአንድ ባለጉዳይ ስም ፈልጋችሁ ለማግኘት እንደ ድሮው ገጹን መግለጥ ይኖርባችኋል።

ስለ ሥዕል የሆነ እንደ ሆነ፥ ዋናው ነገር የእጅን ጫናና የብዕሩን ማዘንበል ማወቁ ነው። ሲጫኑት መስመሩ ይወፍራል፤ ሲያቃልሉት ይቀጥናል፤ ሲያዘነብሉት ጥላ ይጥላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በስም ይታለላል። በ2023 የወጣው ባለ ዩኤስቢ ሲ አፕል ፔንስል ዋጋው 79 ዶላር ሲሆን ስሙ አንድ ዓይነት ቢሆንም ጫናን አያውቅም። በ2024 የወጣው አፕል ፔንስል ፕሮ ግን ዋጋው 129 ዶላር ሆኖ ጫናን ያውቃል፤ ሲጨብጡት ትእዛዝ ይቀበላል፤ በጣት መካከል ሲያሽከረክሩትም የብሩሹ አቅጣጫ አብሮ ይዞራል። ይሁን እንጂ ከቀድሞዎቹ አይፓዶች ጋር አይሠራም። አሮጌ ታብሌት ያለው ሰው ብዕሩን ብቻ ገዝቶ ቢመጣ የሚያተርፈው ጌጥ ነው።

ወደ ሁለተኛው ሚዛን ስንሻገር የማስታወሻ አያያዝን እናገኛለን። በ2014 በኤውሮፓ አቆጣጠር ፓም ሙለርና ዳንኤል ኦፐንሃይመር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፥ በኮምፒዩተር ማስታወሻ የሚይዙ ተማሪዎች የሰሙትን ቃል በቃል ወደ መገልበጥ እንደሚያዘነብሉ፥ በእጅ የሚጽፉት ግን አሳቡን መርጠው እንደሚይዙና የነገሩን ፍሬ ሲጠየቁ የተሻለ እንደሚመልሱ ገልጸው ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ ይህንኑ ውጤት በሙሉ አላጸኑትም። ቢሆንም ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊ የሚጠቅም ምክር አለበት። እጅ ከአፍ ስለሚዘገይ ጸሐፊው ሊመርጥ ይገደዳል፤ መምረጥም ማሰብ ነው። በታብሌት ላይ በብዕር መጻፍ ይህን የእጅ ጥቅም ሳያስቀር፥ ገጽ መጨመርን፥ ቦታ ማዛወርንና በቀለም መለየትን ይፈቅዳል። በተለይ ሁለት ጽሑፎችን ጎን ለጎን ዘርግቶ በልዩነታቸው ላይ ምልክት ለማድረግ እጅግ የሚመች ነው። የውጫሌን 17ኛ አንቀጽ ያስታወሰ ሁሉ የዚህን ጥቅም አይንቅም።

ሦስተኛው ሚዛን የመኖር ነገር ነው። ከውጫሌ ወደ ደሴ ሲመለሱ ሐይቅ ይገኛል። በዚያ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡትን፥ በ1280 በኤውሮፓ አቆጣጠር ገደማ የተጻፈ የአራቱን ወንጌል መጽሐፍ እንደ ጠበቀ ይታወቃል። ያ ጸሐፊ የነበረው መሣሪያ የመቃ ብዕር፥ ጥቁርና ቀይ ቀለም፥ የተፋቀ ብራና ብቻ ነው። ሥራው ከ700 ዓመት በላይ ሲነበብ ኖሯል። የትኛውም የኤሌክትሮኒክ ብዕር ገና ይህን ፈተና አልተፈተነም።

በሌላ በኩል ደግሞ ወረቀትም ሟች ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወሎ በዘለቀ ጊዜ በብዙ መሥሪያ ቤቶች መዝገቦች ወድመዋል። ቅጂው በሌላ ቦታ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ የስንቱ ሰው የመሬትና የአገልግሎት ማስረጃ በዳነ ነበር። ታብሌት ቅጂን ወደ ሌላ ከተማ በቅጽበት ለማድረስ ያስችላል፤ ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ያው ጥቅሙ ጉዳት አለው፤ በመስታወት ላይ የተጻፈ ነገር ሲፋቅ በብራና ላይ እንደሚታየው የመፋቂያ ጠባሳ በገጹ ላይ አይታይም። ስለዚህ ቃለ ጉባኤ በታብሌት የሚይዝ መሥሪያ ቤት፥ ስብሰባው እንዳበቃ ጽሑፉን በማይለወጥ መልክ አድርጎ ለተሰብሳቢው ሁሉ ማከፋፈል አለበት። ስለ ፊርማም ቢሆን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ዐዋጅ ቁጥር 1072/2010 ወጥቶ ሕጋዊ መሠረት ተጥሏል። ነገር ግን በዐዋጁ የተመለከተው በምስክር ወረቀት የሚረጋገጠው ዲጂታል ፊርማና በብዕር ጫፍ በመስታወት ላይ የሚሞነጨረው የስማችን ሥዕል አንድ አይደሉም።

የመብራትንም ነገር አንርሳ። ባትሪ ያለው ብዕር ሳይሞላ ለብዙ ወር ከተቀመጠ ባትሪው ሊበላሽ ይችላል። መብራት እየሄደ በሚመጣበት ከተማ ለሚኖር ሰው፥ ባትሪ የማይፈልገው ዓይነት ይበልጥ ይስማማዋል።

አሁን ሒሳቡን እንዝጋ። የብዕሩ ዋጋ የብዕሩ ብቻ ነው፤ የታብሌቱ ዋጋ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ጫፉም ያልቃል፤ የአፕል አራት ምትክ ጫፎች 19 ዶላር ይሸጣሉ። መስታወቱ እንዳያንሸራትት ወረቀት መሰል ሽፋን የሚለጥፉ ሰዎች ጫፉ ቶሎ እንደሚያልቅባቸው ይወቁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ ደግሞ ዶላር በብር ሲታሰብ እጅግ ከብዷል።

በእኛ አስተያየት፥ ሥዕል፥ ካርታ ወይም የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራ ባለሙያ ጫናን የሚያውቀው ውድ ብዕር የእንጀራው መሣሪያ ነውና ቢገዛው አይቆጨውም። ማስታወሻና ቃለ ጉባኤ ብቻ ለሚይዝ ሰው ግን መካከለኛው ይበቃዋል፤ ኤስ ፔንን የመሰለ ከታብሌቱ ጋር በአንድ ሳጥን የሚሸጥ ብዕር ቢያገኝ ደግሞ የተሻለ ነው። ታብሌት የሌለው ሰው ለብዕሩ ሲል አይበደር፤ በደብተሩ ላይ አጥርቶ ይጻፍ፥ ገጹን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ በሁለት ቦታ ያስቀምጥ። መሥሪያ ቤትም ዕቃውን ለሹም ጠረጴዛ ማስጌጫ ከሚገዛው፥ ንድፍ ለሚሠራው ክፍል ቢገዛው የሕዝብ ገንዘብ በአግባቡ ዋለ ይባላል።

ማንኛውንም ብዕር ብንይዝ ግን ከመፈረማችን በፊት የጻፍነውን መልሰን ማንበብ፥ ቅጂውንም ከቅጂው ማስተያየት ከእኛ ይጠበቃል። ይህን የሚሠራልን ብዕር በ129 ዶላርም አይገኝም።